ሁለተኛው ጠመንጃ የለም

እህቴን ታውቋት እንደሁ እንጃ። እንጨት መሰንጠቂያው በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችው ዘበኛ እሷ ናት። ሠራተኛው ሁሉ «ውሃ ልክ» ይላታል፤ አናጺ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ዕቃ ማለታቸው ነው። ፊቷ ላይ ግን ደፍሮ የሚላት የለም፣ ነፍሱን የጠላ ካልሆነ በቀር። እኔ ታናሿ ነኝ። እዚያው መሰንጠቂያ ውስጥ መጋዝ እሞርዳለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ በጥፊም በዳቦም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የምላት።

ግትር ናት ይሏታል። አዎ፣ ግትር ናት! ታዲያ ዘበኛ ግትር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንድ ጊዜ የመሰንጠቂያው ባለቤት ራሱ ለቤቱ ብሎ ሦስት ጣውላ መኪናው ላይ ጭኖ መጣ። የመውጫ ወረቀት አልያዘም። «የኔ እኮ ነው፣ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ። «የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ፣ ወረቀት የሌለው ጣውላ ግን አይወጣም፤ ይህን ያሉት ራስዎ ነዎት» አለችው። አወረደ። ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ በገዛ እጁ አወረደ። በነጋታው ወረቀቱን ይዞ መጣና «ተኝቼ ማደር የቻልኩት ለካ ባንቺ ነው» ብሏት አለፈ።

ጠመንጃው የአባታችን ነው። እሱም እዚያው በር ላይ ዘበኛ ነበር። በእሱ ዘመን አፈሙዙ ተሰነጠቀና አንድ ጠጋኝ ከሌላ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ፈትቶ ገጠመለት። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ አንድ ቁጥር አለ፣ ጥይቱን የሚያጎርሰው ማቀባበያ ብረት ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር። እትዬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተኮሰችው አንዴ ብቻ ነው፣ አጥር የቆረጡ ሌቦችን ለማስደንገጥ፣ ወደ ሰማይ። ሌቦቹ አመለጡ፤ እሷ ግን ሳምንት ሙሉ «ጆሮዬን፣ ጆሮዬን» እያለች እኛን አሰቃየችን።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጠመንጃውን በስሟ ስታስመዘግብ የነበረው ጸሐፊ አፈሙዙን አይቶ ቁጥሩን ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ፈቃድ ልታሳድስ ስትሄድ ሌላ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ ማቀባበያውን አይቶ ያንን ቁጥር ጻፈ። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ዓይናቸው ያየውን ነው የጻፉት። ወረቀቱ በወረቀት ላይ ተከምሮ ሳለ ማንም ልብ አላለውም። መዝገቡ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን እህቴ በአንድ ሌሊት ባለ ሁለት ጠመንጃ ሆና አደረች።

ከዚያ አዲሱ ሕግ መጣ፦ ለአንድ ሰው አንድ ጠመንጃ። ሁለተኛ ያለው ደብዳቤ በደረሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ «ደብቄ ያቆየሁትን አስረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሞ ካስረከበ ምሕረት ያገኛል። ቀኑ ካለፈበት ግን ሁለቱም ይወረሳሉ፣ እሱም ይታሰራል። ለእትዬ ደብዳቤው የደረሳት ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ረቡዕ ጠዋት ጠመንጃዋን አንግታ፣ እኔን አስከትላ፣ ጣቢያ ደረሰች።

የመሣሪያ መዝገብ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ እግሩ የተጠገነ ወንበር፣ ከጀርባ በብረት በር የተዘጋ ግምጃ ቤት። መዝጋቢው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ ትሑት ሰው፣ ክፉ አይናገርም።

«እናቴ፣ እዚህ የሚያሳየኝ ሁለት ነው» አላት።

እትዬ ጠመንጃውን ወለሉ ላይ አቆመች፣ ማቀባበያውን መዝዛ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዘይት የጠጣው ብረት ወረቀቱን አበላሸበት።

«ይኸው አንደኛው ቁጥር። ይኸው ደግሞ ሁለተኛው። እየው ልጄ፣ አንዱ ያለ አንዱ ይተኩሳል?»

«አይተኩስም።»

«ታዲያ ስንት ጠመንጃ ነው?»

ራሱን አከከ። «እኔ የማየው አንድ ነው፣ እናቴ። መዝገቡ ግን ሁለት ይላል።»

«መዝገቡ ዓይን አለው?»

ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። ከመዝገብ አንድ መስመር ለማጥፋት ሁለት መንገድ ብቻ እንዳለ አስረዳት፦ ወይ «ተረክበናል» የሚል ደረሰኝ፣ ወይ «ጠፍቶብኛል» የሚል ማመልከቻ። ጠፋብኝ ያለ ዘበኛ ደግሞ በቸልተኝነት ይከሰሳል፣ ፈቃዱንም ይነጠቃል።

«'ኖሮ አያውቅም' የሚል ቦታ የለውም?» አለችው።

«የለውም፣ እናቴ።»

ይህን ሲባባሉ የጣቢያው አዛዥ በበሩ አለፈ። ረጅም፣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው። «ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው!» አለ። «ስድሳ አንድ ሰው 'የለኝም፣ የለኝም' ብሎ ሲምል ሲገዘት ከርሞ በመጨረሻ አምጥቶ አስረክቧል።»

«ከየት አመጡት?» አለች እትዬ።

«ከደበቁበት ነዋ!»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከየት እንዳመጡት አውቃለሁና። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የመሰንጠቂያው ሒሳብ ሹም ከሟች አባቱ ጋር በስም መመሳሰል ምክንያት የአባቱ ጠመንጃ በእሱ ላይ ተጽፎ ነበር። ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን ፈቃድ ሲያሳድስ እንደ አዲስ ተመዝግቦበት ነበር። ሁለቱም ምን አደረጉ? ከብረታ ብረት ተራ ጀርባ ከሚቀመጠው ነጋዴ ዘንድ ሄደው አንዳንድ አሮጌ ጠመንጃ ገዙና አስረከቡ። ከሕጉ በፊት እነዚያ ብረቶች ቃታ የላቸው፣ ሰደፍ የላቸው፣ ለዶሮ ቤት መቀርቀሪያ እንኳ የሚፈልጋቸው አልነበረም። ከሕጉ በኋላ ሰው ተጋፋባቸው። ቁጥሩንስ ማን ያያል? ብረት መጣ፣ መስመሩ ተዘጋ፣ በቃ። ሥጋ ሻጩ ያስረከበው እኮ አፉ በብየዳ የተደፈነ ነበር!

በዚያው ሳምንት እሑድ ስብሰባ ተጠራ፣ ቀበሌው አዳራሽ። አዛዡ ከወረቀት ላይ አነበበ፦ ስድሳ አንድ ሕገወጥ መሣሪያ ተሰብስቧል፤ ባለፈው ዓመት በጥይት የሞተው ሰው አሥራ አንድ ነበር፣ ዘንድሮ አራት ነው። መምህሩ ብድግ አለ። «እኔ በጥይት የሞተ ተማሪ ቀብሬያለሁ» አለ። «ስድሳ አንድ ጠመንጃ ከሰው እጅ ወጣ ማለት ስንት ነፍስ ተረፈ ማለት ነው! ሕጉ ይጥበቅ እንጂ አይላላ!» አጨበጨቡለት። ወዲያው ባለ ወፍጮው ተነሳ። «ያው ወረቀት ላይ ዝርፊያው ከሃያ ወደ ሠላሳ ስምንት ወጥቷል፣ እሱን ለምን አታነቡትም? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ጠመንጃችንን ሰበሰባችሁ፣ ሌባው ተዝናና!» ለእሱም አጨበጨቡለት፣ አንዳንዱማ ለሁለቱም ያጨበጨበ ነበር። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ስድሳ አንድ! ሠላሳ ስምንት! አራት! ገበያ መሰለ።

እትዬ እጇን አወጣች። ዝም እስኪሉ እጇን እንዳወጣች ቆመች።

«የመምህሩ ሐዘን ሐዘኔ ነው» አለች። «የባለ ወፍጮውንም ስጋት አውቀዋለሁ፤ ሌባ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ግን ሁለታችሁም የምትጣሉት በአንድ ወረቀት ነው፣ ያ ወረቀት ደግሞ ስለ እኔ ይዋሻል። 'ሁለተኛ ጠመንጃ ደብቃ ገና ያላስረከበች' ብላችሁ የቆጠራችኋት አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጠመንጃ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። የኔ መስመር ውሸት ከሆነ የሌላው እውነት መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

ሒሳብ ሹሙ ጣሪያ ማየት ጀመረ። ሥጋ ሻጩ ጫማውን ያስር ገባ፣ ማሰሪያ የሌለውን ጫማ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንድም ሰው ግን አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። አዛዡ «የግል ጉዳይ ቢሮ ነው የሚታየው» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናት የለችኝም፣ ስለዚህ ለእህቴ ነው የፈራሁት። ቀኑ እየቆጠረ ሃያ ሰባት ሲደርስ እንቅልፍ አጣሁ። ሥራዋ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜዋ ትታሰራለች። ለምን? ለአንዲት ፊርማ! ሁሉም ፈርሞ ቤቱ ገብቷል እኮ! ስለዚህ ከብረታ ብረት ተራ ጀርባ ሄድኩና አንድ ዝገት የበላው ጠመንጃ ገዛሁ። በጆንያ ጠቅልዬ በቀን፣ በሰው መሐል ቤቷ አደረስኩት።

ልብስ ታጥብ ነበር። «ምንድነው?» አለች።

«ሁለተኛው ጠመንጃሽ ነው፣ እትዬ። ነገ እናስረክበውና እንገላገል።»

እጇን ጠረገች። ጆንያውን ፈታች፣ አየችው፣ መልሳ ሸፈነችው። መጮህ ትጀምራለች ብዬ ነበር፤ ቀስ ብላ መናገሯ የባሰ አስፈራኝ።

«እስከ ትናንት ድረስ ይህ ቤት ውስጥ አንድ ጠመንጃ ነበር» አለች። «አሁን ሁለት ሆነ። ማን ነው ሁለት ያደረገው? እነሱ በወረቀት ሁለት አሉኝ፣ አንተ ደግሞ የእውነት ሁለት አደረግከኝ።»

«እትዬ፣ ሁሉም እኮ...»

«ሁሉም ገደል ይግባ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት 'ወረቀት የሌለው አይወጣም፣ የተደበቀ አይወጣም' እያልኩ የሰው ኪስ ስፈትሽ ኖሬ፣ ዛሬ 'ደብቄ ነበር' ብዬ ልፈርም? ነገ የማን ኪስ ልፈትሽ ነው? ውሰድልኝ ከፊቴ!»

ይዤው ወጣሁ። ወዴት ልውሰደው? ሻጩ የሸጠውን አይመልስም። መሞረጃ ክፍሌ ውስጥ ሰጋቱራ ክምር ስር ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ መጋዝ በሞረድኩ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ክምር ይሄድ ነበር።

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። እትዬ ጠመንጃዋን አንግታ፣ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ፣ ፎጣና ሳሙና በፌስታል ይዛ ጣቢያ ገባች። ለእስር ተዘጋጅታ ነው የሄደችው እኮ! አዛዡ ራሱ መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ነበር። ጣቢያው የተሰጠውን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ አንድ መስመር ብቻ ቀርቶታል፤ የእሷ።

«የት አለ ሁለተኛው?» አላት።

«የለም።»

«እንግዲያው አንደኛውንም እወስዳለሁ፤ እርስዎም ወደ ውስጥ ነዎት።»

«ይኸው ጠመንጃው፣ ይኸው እኔ» አለች። ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋግፋ አሳየችው። «ፎጣዬንም ይዣለሁ።»

በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ፖሊስ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ሳይ አእምሮዬ ጠፋ። ከጣቢያው እስከ መሰንጠቂያው ሩቅ አይደለም፤ ሮጥኩ። ሰጋቱራውን ማስኩ፣ ጆንያውን ታቅፌ ተመለስኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «በቃ! ይኸው ሁለተኛው! የሷ ነው፣ እኔ ነኝ የደበቅኩባት!» ብዬ ጮህኩ።

አዛዡ ፊቱ በራ። እትዬ ግን እኔን አላየችኝም። ወደ ባለ መነጽሩ መዝጋቢ ዞረች።

«ልጄ፣ ቁጥሩን አንብብልኝ።»

መዝጋቢው ዝገቱን በጣቱ ጠረገና አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። እጁ ከልማዱ የተነሳ የዕለት መዝገቡ ላይም ጻፈው።

«በኔ ስም ካሉት ከሁለቱ ከአንዱ ጋር ይገጥማል?»

«አይገጥምም።»

«የሌሎቹስ? የስድሳ አንዱ ቁጥር ገጥሞ ነው የተቀበላችሁት?»

መዝጋቢው ወደ ግምጃ ቤቱ የብረት በር ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ አዛዡ። «አመሳክረን አናውቅም» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ጌታዬ፣ አንዱንም አላመሳከርንም።»

አዛዡ ሄዶ በሩን ዘጋው። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ድምፅ ሆኖ ነበር፤ እንደ ዘመድ። «እህቴ፣ ተይ ነገር አታብዢ» አላት። «ይህን አሮጌ ብረት የኔ ነው ብለሽ ፈርሚ። ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው፣ ምሕረቱ ይሸፍንሻል። ጠመንጃሽን ይዘሽ ወደ ሥራሽ፣ ወንድምሽም ወደ ሞረዱ። አልፈርምም ካልሽ ግን ይህ ብረት ያንቺ አይደለም፤ ያንቺ ካልሆነ የእሱ ነው። ሕገወጥ መሣሪያ ገዝቷል፤ ለገዢ ምሕረት የለውም። ምረጪ።»

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ፊቷ አደረገላት።

የሷን ነገር አውቃለሁ ብዬ ነበር። ባለቤቱን ጣውላ ያስወረደች ሴት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የቆመች ሴት፣ ለእስር ፎጣ ይዛ የመጣች ሴት! አሁን ዓይኗ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያን ዓይን የማውቀው ልጅ ሆኜ ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ ነው። ከዚያ አጎነበሰች፣ እስክሪብቶውን አነሳች። ወይኔ! ልትፈርም ነው! በራሷ እስር እንቢ ያለችው፣ በኔ እስር እሺ ልትል ነው። በሕይወቷ የመጀመሪያውን ውሸት ልትጽፍ ነው፣ እኔን ፈሪውን ለማዳን።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ድምፄ ግን ወጣ።

«እትዬ፣ እንዳትፈርሚ!»

«ዝም በል አንተ!»

«አልልም! ብረቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ከብረታ ብረት ተራ ጀርባ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ። ይጻፍ! እሷ አንድ ጠመንጃ ነው ያላት። ደብቄባታለሁ ያልኩትም ውሸት ነው። ይኸንንም ጻፈው!»

መዝጋቢው ጻፈው። አዛዡ «ማን ጻፍ አለህ?» ሲለው «የተናገሩትን ነው የጻፍኩት፣ ጌታዬ» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ደንግጧል፣ ግን ጻፈው። እትዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና፣ እናታችን ስትቀበር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰችው ሴት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በፎጣው ፊቷን ጠረገች፣ ፎጣውንና ሳሙናውን ወደ ፌስታሉ መልሳ ለእኔ ሰጠችኝ። «ውሰድ፣ ላንተ ነው የመጣው» አለችኝ።

ሦስት ወር ታሰርኩ። አይደላም፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ። በየመጠየቂያው ቀን ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ በየጊዜው ደግሞ ከዘበኞቹ ጋር ትጣላለች፤ የጠያቂ ዝርዝራቸው ሥርዓት የለውም ብላ፣ እንዴት እንደሚያዝ ልታስተምራቸው እየሞከረች። ባለ መነጽሩ መዝጋቢ የዕለት መዝገቡን ማስረጃ አድርጎ የሷን ሁለተኛ መስመር ከዝርዝሩ ወረቀት ላይ በቀይ ሰረዘው፣ ከጎኑ «ኖሮ አያውቅም» ብሎ በስሙ ፈረመበት። እሷም ጠመንጃዋን አንግታ ወደ በሯ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ጣቢያ አዛወሩት። ስድሳ አንዱ ግን እስከ ዛሬ ስድሳ አንድ ነው። መምህሩም ባለ ወፍጮውም ይከራከሩበታል። ሒሳብ ሹሙ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ ይቀይር!

ከእስር በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የዓመቱ ሪፖርት ሊነበብ ነው ተብሎ ሰው አዳራሹ ተጠራ። አልሄድም አልኩ። ማን ያያል የሰውን ዓይን? እትዬ ክንዴን ይዛ ጎትታ አስነሳችኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አዛዡ ማንበብ ጀመረ። ያው ስድሳ አንድ፣ ያው አራት፣ ያው ሠላሳ ስምንት። ሰው በየቁጥሩ ያጨበጭባል ወይም ያጉረመርማል። ወረቀቱን ገለበጠ።

«ሕገወጥ መሣሪያ በመግዛት ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ፣ አንድ ሰው።»

ያጨበጨበ የለም። አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ብድግ አለች፤ በር ላይ ሌባ የምትጠራበትን ድምፅ አወጣች።

«ይቺ አንድ ትክክል ናት!» አለች። «ወንድሜ ነው። ገዝቷል፣ ገዛሁ ብሏል፣ ታስሯል። ከዚህ ወረቀት ላይ አጣርቼ የማውቃት ቁጥር ይቺ ብቻ ናት። ሌላውንም የሚያውቅ ካለ ይነሳ!»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ስድሳ አንድ ሰው የት እንደተቀመጠ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን አንገቴን ቀና አደረግኩና፣ እህቴ ጎን፣ ተነሳሁ።